የሰባት ዓመት ዋንዛ

ማክሰኞ ጧት ስልኬ ጮኸና አያ ወንድይፍራው ማረፋቸውን ሰማሁ። የደወለችው ባለቤታቸው እተ ዘርፌ ነበረች። «ትናንት ቀበርነው። ስልክህን ስናፈላልግ ቀኑ አለፈ፤ አትቀየመን» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። እኔ ግን ስልኩን እንደያዝኩ በቆምኩበት ቀረሁ፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚባለውን እንኳ በወጉ ሳልል ተሰናበትኳት። ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ማልቀስ አይሆንልኝም። የዚያን ዕለት ሆነልኝ።

ነገሩ የደርግ ጊዜ ነው። ጎንደር ከተማ መካኒክነት ተምሬ የተመደብኩት ከኮኪት ወጣ ብሎ በሚገኝ የመንግሥት እርሻ ላይ ነበር። ሙቀቱን አላወራም፤ ያላየው አያምነኝም፣ ያየው ደግሞ እንዳነሳበት አይፈልግም። በመጣሁ በሳምንቱ አንድ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ የሰኩ ሰው ጋራዡ በር ላይ ቆመው የተቃጠለ ዘይት ለመኑኝ። ከትራክተር ሆድ የሚወጣውን ጥቁሩን ዘይት ማለታቸው ነው።

«ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው።

«ለምስጥ ግብር እከፍልበታለሁ» አሉኝ፣ ፈገግም ሳይሉ።

የእርሻው አናጢ ነበሩ። ቀን ቀን የትራክተር ተሳቢ ጣውላ ይቀይራሉ፣ የመጋዘን በር ያቆማሉ። ዋናው ሥራቸው ግን ቤታቸው ነበር። ከጎጇቸው ጎን በአራት ባላ ላይ ሣር የከደኑባት ዳስ አለች፤ ኮኪቶች እንደ ሱዳኖቹ ራኩባ ይሏታል። መላጊያው፣ መሮው፣ መጋዙ እዚያች ዳስ ውስጥ በየቦታቸው ተሰቅለዋል። ከኋላ፣ በድንጋይ ላይ፣ በመካከላቸው ቀጫጭን እንጨት እየተጋደመ የተደራረቡ ሰፋፊ የዋንዛ ጣውላዎች ነበሩ። የኔን ጥቁር ዘይት ይቀቡ የነበረው ድንጋዮቹን ነው፤ ምስጥ በዚያ በኩል እንዳይወጣ። ጣውላው ጓንግ ወንዝ ዳር ጎርፍ ከጣለው ዛፍ የተሰነጠቀ ነው። ስንት ሰው ሊገዛቸው መጣ! የእርሻው ሹም ሳይቀር ለቁም ሳጥን ፈልጎት ነበር። እሳቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «ገና እርጥብ ነው።»

በእኔ ዓይን ያ እንጨት ከዚህ በላይ ቢደርቅ ዱቄት ይሆናል። እሳቸው ግን በየወሩ ያገላብጡታል፣ በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ ያደርጉና ጆሯቸውን ይደቅኑበታል። ከዚያ ያሸቱታል። ራሳቸውን ይነቀንቁና መልሰው ይደረድሩታል። «ምን አለዎት?» ብዬ አሾፍባቸዋለሁ። «አንተ ብረት፣ ዝም በል፤ ገና እያወራ ነው» ይሉኛል። ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም፤ አንተ ብረት ነበርኩ።

ይህን «ገና እርጥብ ነው» የሚሉትን ነገር ለሰውም ይጠቀሙበት ነበር። የሚቸኩል ሰው ሲያዩ፣ ትናንት ተዋውቆ ዛሬ ሊያገባ የሚነሳ ጎረምሳ ሲያዩ፣ ያችኑ ጣል ያደርጋሉ። አንድ ጊዜ አዲስ ካድሬ መጥቶ የእርሻውን ሠራተኛ ሰበሰበና ሰሊጡን በስድስት ቀን አጭደን እንጨርሳለን ብሎ ጮኸ። ሰሊጥ አጭዶ የማያውቅ መሆኑ ከእጁ ያስታውቃል። አያ ወንድይፍራው ከኋላ ሆነው «ገና እርጥብ ነው» አሉ። ለራሳቸው ያሉት መስሏቸው ነበር፤ ሰው ሁሉ ሰማ። ሳቁ ሲያባራ ካድሬው ፊቱ ተለዋውጦ «ጓድ፣ ምን አሉ?» አላቸው።

«ስለ ተሳቢው ጣውላ ነው ጌታየ። ትናንት የገባው ጣውላ አልደረቀም» አሉና ተቀመጡ። ካድሬው ጣውላውን በአስቸኳይ እንዲያደርቁ አዘዛቸው።

ሌላው የማልረሳው ነገር ልካቸው ነው። እርሻው ላይ በሜትር እንዲሠሩ ስለሚገደዱ በሜትር ይሠራሉ፤ ቤታቸው ግን ሜትር የሚባል ነገር አይገባም። ግራ ክርናቸውን ጣውላው ጫፍ ላይ ያስደግፋሉ፣ የመሐል ጣታቸው የደረሰበት ላይ በቀኝ እጃቸው በእርሳስ ይጭራሉ፤ አንድ ክንድ። ከዚያ ይቀጥላሉ። «ሜትሩ የማነው? ፈረንጅ ነው ያመጣው። ይኸ ግን የራሴ ነው፤ ትቸው ብወጣ እንኳ ይከተለኛል» ይላሉ። ለእኔ አምስት ክንድ አልጋ ሠርተውልኝ ተመችቶኝ ተኝቼበታለሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሚስት ላገባ ስል ሰፋ ያለ ሌላ አልጋ አዘዝኳቸው። እሱም አምስት ክንድ ነው ቢሉኝ እግሬ ከቁርጭምጭሚቴ በታች ውጭ አደረ። ቅሬታዬን ሳቀርብ «ሚስት ሲያገባ የሚያድግ ሰው ያየሁት አንተን ነው» ብለው አባረሩኝ።

በሁለቱ አልጋዎች መካከል የሆነውን ነገር ያኔ አላሰብኩትም። በመካከሉ፣ በመኸር ሰዓት፣ ማሽላ የጫነ ተሳቢ ጎኑ ተከፍቶ ጣውላው ግራ ክንዳቸው ላይ ወደቀ። ወጌሻ አሰራቸው። ግን አያ ወንድይፍራው እጅ አሳርፈው መቀመጥ የማይችሉ ሰው ናቸው፤ በሦስተኛው ሳምንት መጋዝ ያዙ። አጥንቱ ተደራርቦ ገጠመ። ቆዳቸው ላይ እንደ ለውዝ ያለ ጉብታ ቀረ፤ ሥራቸውን ስላልከለከላቸው ረሱት፤ እኛም ረሳነው።

እተ ዘርፌ ለእኔ እንደ እህት ነበረች። ገና ስንተዋወቅ አንቱ ብላት «አንቱ እያልክ አታስረጀኝ፤ የማስረጀቱን ሥራ ወባ ይዞታል» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንቺ ናት። የደባርቅ ልጅ ናት፤ የባላምባራስ አስረስ ልጅ። እኔ የሰማሁትን ታሪክ የነገረችኝ እሷ ናት፤ እሳቸው አንድም ቀን አላነሱትም።

የባላምባራስ ቤት በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ነው፤ እልፍኙ ውስጥ ግንቡ ላይ የተቦረቦረ የእሳት ምድጃ አለው፤ ጭሱ በግንቡ ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣ። ደባርቅ ብርድ ስለሆነ ቤተሰቡ የሚሰበሰበው እዚያ ዙሪያ ነበር። ምድጃውን ከግራና ከቀኝ አቅፎ ከላይ እንደ መደርደሪያ የሚሆን የእንጨት ክፈፍ ነበረው። እሱ ሲያረጅ ባላምባራስ ወንድይፍራው የሚባለውን ወጣት አናጢ ጠርተው አዲስ አሠሩት። አናጢውም ልጅቷን አየ፤ ልጅቷም አናጢውን አየችው። ሥራውን ቶሎ ጨርሶ ጎበዝ ለመባል ቸኮለና ገና ውኃው ያልወጣለት እንጨት ቆረጠ። ክፈፉ ሲገጠም ያማረ ነበር። ባላምባራስ ደስ ብሏቸው የሟች ባለቤታቸውን ፎቶግራፍ መደርደሪያው ላይ አቆሙት። የዘርፌ እናት በሕይወቷ የተነሳችው ያንን አንድ ፎቶ ብቻ ነበር።

በሁለተኛው ወር እሳቱ እርጥቡን እንጨት ጠመዘዘው። አንድ ቀን ከሰዓት መደርደሪያው ከመሐሉ ተሰንጥቆ ተደረመሰ፤ ፎቶው እሳት ውስጥ ወደቀ። ዘርፌ እጇን ብትሰድም አልደረሰችበትም። ጠባሳው ዛሬም አውራ ጣቷ ሥር አለ።

«አባቴ አልጮኸም» አለችኝ። «ቢጮኽ ይሻለን ነበር። ውጣ፣ ሁለተኛ እዚህ ደጅ እንዳላይህ፣ ብቻ አለው። እኔም ተከትየው ወጣሁ። ሁለት የሰሊጥ መኸር ሠርተን እንመለሳለን ብሎኝ ነበር፤ ይኸው ሃያ ሁለት ዓመታችን።»

በየካቲት አንድ በርበሬ ነጋዴ ከደባርቅ መልእክት ይዞ መጣ። ባላምባራስ ደክመዋል፣ ዓይናቸውም ፈዟል፤ «ልጄን ሳላያት እንዳልሞት ንገሯት» ብለዋል። ስለ አያ ወንድይፍራው ያሉት ነገር የለም። እተ ዘርፌ ነጋዴውን ደግማ ደጋግማ ጠየቀችው፤ አንድም ቃል የለም።

የዚያን ዕለት ዳሱ ሥር ነበርኩ። አያ ወንድይፍራው ተነስተው ወደ ዋንዛው ሄዱ። ኳ ኳ አደረጉት። ሰሙት። አሸተቱት። «ደርቋል» አሉ። ከተዋወቅን ጀምሮ ይህን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ያን እንጨት ለምን ያስቀምጡ እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ፤ ሚስታቸውም ያወቀችው ያኔ ነው። ሸማዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ገባች።

ኮኪት በመጋቢትና በሚያዝያ ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም። አያ ወንድይፍራው በዚያ ሙቀት የእሳት ምድጃ ክፈፍ መሥራት ጀመሩ። ወሬው ተዛመተ። ከወሎና ከጎጃም ለሥራ የመጡ ልጆች ሳይቀሩ ለማየት ይመጡ ነበር። «አያ፣ እሳት ልትሞቁ ነው? እኛስ ፀሐይዋን በነጻ እየሞቅን ነው!» ይሏቸዋል። አንዱ ነጋዴ የሱዳን መንግሥት ነው ወይ ያዘዘዎት ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸው ላባቸው ከአገጫቸው ጣውላው ላይ እንዳይንጠባጠብ ሻሽ ግንባራቸው ላይ አስረው ይላጋሉ። ላብም ውኃ ነው ይሉ ነበር።

አንድም ሚስማር አልገባበትም። ወንድና ሴት እያደረጉ፣ የአንዱን ጫፍ በሌላው ቀዳዳ እየሰኩ፣ እንጨቱን በእንጨት ነው ያያያዙት። ሁለቱን እግሮች ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ አደረጓቸው። መደርደሪያውን ከአንድ ወጥ ጣውላ አወጡት። በግንባሩ ላይ ጌጥ ያበጁ ይሆን ብዬ ስጠብቅ ምንም አልፈለፈሉበትም፤ «እዚያ ቤት ገብቸ ልጌጥ ነው?» አሉኝ። በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትጉት እኔም ከጋራዥ ስወጣ አግዛቸው ነበር። መጨረሻ ላይ ጎማላካ የሚሉትን የእንጨት ማንጸባረቂያ ቀቡት፤ ዋንዛው ማር የፈሰሰበት መሰለ። ብረት ወዳዱ እኔ በእጄ እዳብሰው ነበር።

ልኩን ያገኙት ከጭንቅላታቸው ነው። «ሦስት ክንድ ከስንዝር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ለክቸዋለሁ» አሉ።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነበር የቆመው። እሳቸው ክፈፉን ሳይዙ ያ ደጅ ላይ አይቆሙም። እተ ዘርፌም ምላለች፤ «እሱን ካላስገባው እኔም አልገባም። ተደጅ አይቸው እመለሳለሁ።» ይህን ስትል አትቀልድም ነበር። ሽማግሌው ደግሞ ክረምቱን የሚዘልቁ አልመሰለም፤ በሰኔ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ይዘጋል። ስለዚህ ጉዞው ግንቦት ላይ መሆን ነበረበት። እርሻው ወደ ደባርቅ የሚልከው ማሽላ ነበረው፤ መኪናዋ ያለ እኔ ዳገት ስለማትወጣ እኔም ከሹፌሩ ጋር ታዘዝኩ። ባልና ሚስቱ ከቀበሌ የጉዞ ወረቀት አወጡ።

ክፈፉን በጆንያ ጠቅልለን ከመጫናችን በፊት አያ ወንድይፍራው ለመጨረሻ ጊዜ ለኩት። ግራ ክርናቸውን አስደገፉ፤ አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ፣ ሦስት ክንድ፣ ከስንዝር። ልክ ነው አሉና ገመድ ሊያመጡ ሄዱ። እኔ ያንን የለውዝ ጉብታ እያየሁ ቆሜ ቀረሁ። አልጋዎቹ ትዝ አሉኝ። ወዲያው ሮጬ ቤቴ ሄድኩና ሁለቱንም በሜትር ለካኋቸው። ሁለተኛው አልጋ በየክንዱ ሁለት ሁለት ጣት ይጎድለዋል። ያ እጅ ከተሰበረ ወዲህ ክንዳቸው ያጠረ ነው፤ ምድጃውን የለኩት ግን በድሮው ክንድ ነው።

መጀመሪያ ያገኘሁት እተ ዘርፌን ነው። ጓዳ ስንቅ እየቋጠረች ነበር። ነገርኳት። ቋጠሮውን ይዛ ቁጭ አለች።

«ለሌላ ሰው ነግረሃል?»

«ለማንም።»

«እንግዲያ ዝም በል» አለችኝ። «አሁን ብትነግረው ተመኪናው ያወርደዋል። ሌላ እንጨት ፈልጎ ሌላ ሰባት ዓመት ሊያደርቅ ይቀመጣል፤ አውቀዋለሁ። አባቴ ሰባት ዓመት የለውም። እኔም የለኝም።»

ዝም አልኩ። እንዲህ ያለ ዝምታ ከብዶኝ አያውቅም። ወዳጄን ወደ ውርደት እየጫንኩት ይሁን ወደ ቤቱ፣ አላውቅም ነበር።

አዘዞ መግቢያ ኬላው ላይ አስቆሙን። ወጣቱ ፈታሽ ጆንያውን ገልጦ አየና ዓይኑ ፈጠጠ። «ይኸ ምንድር ነው? የባላባት ዙፋን ነው?» አለ። አያ ወንድይፍራው ወርደው የእሳት ምድጃ ክፈፍ መሆኑን አስረዱት። «ተመተማ ቆላ ምድጃ ታመጣላችሁ? ትቀልዳላችሁ?» ብሎ አለቃውን ጠራ። አለቃው ሸምገል ያለ የወገራ ሰው ነው። ዞር ዞር ብሎ አየው፣ እንጨቱን አሻሸው፣ «ይኸንን የሠራ ሰው ማን ነው?» አለ። እኔ ጠቆምኩ። «ልጄን ልድር ነውና በር ትሠራልኛለህ?» አላቸው። «ጣውላው አለህ?» «ትናንት ያስቆረጥኩት አለኝ።» አያ ወንድይፍራው ወደ እኔ ዞረው ምንም ሳይሉ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። እኔ ሳቄ አመለጠኝ፤ ገመዱን መልሰው እስኪያስሩልን ድረስ እስቅ ነበር።

ደባርቅ የደረስነው በማግሥቱ ከሰዓት፣ በዝናብ ነው። ቀበሌው የፊቱን ክፍሎች ለጽሕፈት ቤት ወስዷቸው ለባላምባራስ የቀራቸው እልፍኙ ነበር። ደጁ ላይ ስንደርስ ባልና ሚስቱ ቆሙ። እሷ ከመድረኩ ወዲህ፣ እሳቸው ከግቢው መሐል። ብርዱ አንጀት ይበላል። ጎረቤት የሆነች አሮጊት ወጥታ ዘርፌን አወቀቻትና እልል አለች።

ከውስጥ «ማነው?» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ።

«እኔ ነኝ አባቴ። ዘርፌ።»

«ምነው አትገቢም?»

«ወንድይፍራው ውጭ አለ።»

እኔና ሹፌሩ ክፈፉን በትከሻችን እንደያዝን መሬት መሬት እናያለን።

«ምን ይዞ መጣ?» አሉ ሽማግሌው።

«የሰበረውን።»

ከዚያ «እንጨቱን አስገቡት» የሚል መጣ። ይግቡ አላሉም። እኔና ሹፌሩ አስገባነው። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ወተት መስሏል። ምድጃው ከጎናቸው ነው፤ ክፈፉ የነበረበት ቦታ እንደተገነጠለ ጥርሱን አግጦ ይታያል። ጎረቤትየዋ በጆሮዬ ነገረችኝ፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስንት አናጢ ሊሠራው መጥቶ ባላምባራስ ማንንም አላስነኩትም።

ክፈፉን ግድግዳው ሥር አቆምነው። እኔ ስለ እንጨት ምን አውቃለሁ? «ማን ይገጥመዋል?» ብዬ ጠየቅሁ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ደጁ መለሱ። በመጨረሻ «የሠራው ይገጥመው እንጂ» አሉ። እተ ዘርፌ የባሏን እጅ ይዛ መድረኩን ተሻገረች።

አያ ወንድይፍራው ማንንም ቀና ብለው ሳያዩ ክፈፉን አንስተው ወደ ቦታው ገፉት። ገባ። ከግራም ከቀኝም ሦስት ሦስት ጣት ያህል ክፍተት ቀረ። አንድ ጊዜ አወጡት፣ እንደገና አስገቡት። ከዚያ ግራ ክርናቸውን ግንቡ ላይ አስደግፈው ክንዳቸውን ዘረጉና ጣታቸው የቆመበትን አዩ። ክንዳቸውን አዩ። ተንሸራተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። እተ ዘርፌ አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ ገና ያወቀች ሰው መስላ ትንቀጠቀጣለች።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አሉ ሽማግሌው።

«አነሰ፣ ጌታየ» አሉ አያ ወንድይፍራው። «እጄ ተሰብሮ ነበር። ክንዴ ማጠሩን ልብ አላልኩም። ዛሬም አበላሸሁት።»

ሽማግሌው በምርኩዛቸው ተነሱ። ልጃቸው ደግፋ አመጣቻቸው። መደርደሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሱት፤ ወደ እግሩ ወረዱ፤ ሦስት ጣታቸውን ክፍተቱ ውስጥ ከተቱ። እዚያው እንዳሉ «ስንት ጊዜ አደረቅኸው?» አሉ።

«ሰባት ዓመት።»

«ሰባት ዓመት።» ጣታቸውን አወጡ። «የቱ ነው እጅህ? ወዲህ በል።» የአያ ወንድይፍራውን ክንድ ተቀብለው ጉብታውን በአውራ ጣታቸው ፈለጉና ቆሙበት። «በወጉ አልገጠሙልህም። ያምሃል?»

«ቆላ ሳለሁ አያመኝም ነበር ጌታየ። ዛሬ ብርዱ ነካው።»

«እንግዲያ እሳቱ ዳር ተቀመጥ» አሉና ወደ እኛ ዞሩ። «ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ጭቃ ተግቢው ሞልቷል፤ ጭድም አለ። አቡኩና አምጡ። እዚህ ቤት ጭቃ ጠፍቶ አያውቅም፤ የጠፋው የደረቀ እንጨት ነበር።»

እኔና ሹፌሩ በዝናብ ጭቃ አቦካን። የግራውን ክፍተት ሽማግሌው ራሳቸው በእጃቸው ጠቀጠቁት፤ የቀኙን አያ ወንድይፍራው። እሳቱ ተቀጣጠለ። ሁላችንም እሳቱን ስናይ አያ ወንድይፍራው መደርደሪያውን ብቻ ያያሉ፤ እንጨቱ ትንሽ ጠቅ ባለ ቁጥር ከመቀመጫቸው ብድግ ይላሉ። ምንም አልሆነም። ሲሞቅ የዋንዛው ሽታ ቤቱን ሞላው።

ከዚያ ባላምባራስ ልጃቸውን «ነይ፣ ተመደርደሪያው ሥር ቁሚ፤ ብርሃኑ ይውጣብሽ» አሏት። ቆመች። በፈዘዘ ዓይናቸው ብዙ ተመለከቷትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥላ እንጂ ፊቷን አላዩም። ወደ አያ ወንድይፍራው ዞሩ።

«አንተ ፎቶውን አይተኸው ነበር። እውነቱን ንገረኝ፤ እናቷን መስላለች?»

አያ ወንድይፍራው ቀና ብለው አዩዋት። «ቁርጥ እሷን ጌታየ» አሉ። «ቁርጥ እሷን።»

ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ፈለጓቸውና ትከሻቸውን ያዙ። ሁለቱ ወንዶች እንደዚያ ሆነው አለቀሱ። እኔ ጭቃዬን ልታጠብ ነው ብዬ ወጣሁ።

በማግሥቱ እኔና ሹፌሩ ልንመለስ ተነሳን። እነሱ እንደማይመለሱ አስቀድሞ ገብቶኛል፤ ባላምባራስ ይቆዩ ብለዋል። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ተናድጄም ነበር፤ ኮኪት ላይ የሚያሾፍብኝ ሰው አጣሁ። አያ ወንድይፍራው የአማታቸውን ጋቢ ደርበው፣ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ እስከ መኪናው ሸኙኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የናፈቁት አገር ብርድ አስጨንቋቸው ሲዘሉ ማየቱ አሳቀኝ። እሳቸው አልሳቁም።

«አንተ ብረት» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የክንዴን ነገር መቼ አወቅኸው?»

መዋሸት አልቻልኩም። «ስንጭነው» አልኳቸው።

«ዘርፌስ?»

ወደ ቤቱ አየሁ። እተ ዘርፌ በሩ ላይ ቆማ እጇን እያወዛወዘች ነው። እኔም እጄን አነሳሁላት።

አያ ወንድይፍራው ጋቢያቸውን አጠበቁ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተቆጡም። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

«ብትነግሩኝ አልመጣም ነበር» አሉ። «እግዜር ይስጣችሁ። እንዳወቅሁባት ግን እንዳትነግራት፤ ትናንት ያንን ያህል ስትንቀጠቀጥልኝ ደክሟታል።»